አፕዴት በሁዳዴ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የህትመት ቤት ያለኝ ሰው ነኝ፣ ባነር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የማር እቃ ላይ የሚለጠፍ ስቲከር ሳይቀር እሠራለሁ፣ ማህተም ግን አልሠራም (ይሄን የምለው ጋዜጣ ላይ አይታችሁኝ ማህተም ፈልጋችሁ እንዳትመጡ ነው)። ባለፈው ሳምንት የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወንድማችን ስለ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ነጻ ሲስተም) የጻፉትን አንብቤ ሁለት ቀን ዝም ልል ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

ያሉት ባጭሩ ይሄ ነው። ኮምፒውተራቸው ላይ ኡቡንቱ 24.04 ጫኑ፣ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጊምፕ ብለው ጻፉ (አፕት ፕሮግራም አውርዶ የሚጭነው ትዕዛዝ ነው፣ ጊምፕ ደግሞ እንደ ፎቶሾፕ ያለ የፎቶ መሥሪያ)፣ ወረደላቸው፣ ሲከፍቱት ቨርዥኑ 2.10 ነው። ዩቲዩብ ላይ የሚያዩት ልጅ ግን በ3.0 ነው የሚሠራው። ሱዶ አፕት አፕዴት አሉ፣ አፕግሬድ አሉ፣ ደጋገሙት፣ ኮምፒውተሩ የሚታደስ ነገር የለም ይላቸዋል። በመጨረሻ “የነጻ ነገር ትርፉ ይሄ ነው፣ አሮጌ ይሰጡህና አዲስ ነው ብለው ይደርቁብሃል” ብለው ደመደሙ። ስድባቸው ጥሩ ነው፣ ሳቄም መጥቷል፣ ግን ሲሆን የነበረው ሌላ ነገር ነው።

24.04 የሚለው ቁጥር የወጣበት ዓመትና ወር ነው፣ እ.ኤ.አ. 2024 አራተኛው ወር፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ይሄኛው ደግሞ ኤልቲኤስ የሚባለው ነው፣ በየሁለት ዓመቱ ይወጣና አምስት ዓመት ይጠበቃል። ሰው የሚሳሳተው “ይጠበቃል” የምትለዋ ላይ ነው። ይጠበቃል ማለት በውስጡ ያሉት ፕሮግራሞች አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ይቀየራሉ ማለት አይደለም። እንደ ጎተራ አስቡት፣ በመኸር የገባው እህል ነው ዓመቱን ሙሉ የሚበላው፣ ነቀዝ እንዳይገባበት ይጠበቃል፣ ቀዳዳ ካለ ይለሰናል፣ ሌላ ዘር ግን መሃል ላይ አይጨመርበትም። 24.04 ሲዘጋ ጎተራው ውስጥ የነበረው ጊምፕ 2.10.36 ነው። 3.0 የወጣው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ላይ ነው፣ ማለትም ጎተራው ከተዘጋ ዓመት ሊሞላው ሲል። ስለዚህ እሳቸው አፕዴት ሲሉ ኮምፒውተሩ “የለም” ያላቸው አልዋሻቸውም፣ በጎተራው ውስጥ የለም ነው ያላቸው።

ደግሞ 3.0 በራሱ እንዴት እንደዘገየ ቢያውቁ ይቺን አንድ ዓመት ባልቆጠሯት ነበር። ጊምፕን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመሩት ካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ናቸው፣ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ፣ 2.10 የወጣው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2018 ነው፣ ከዛ እስከ 3.0 ሰባት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። 2.10 ሲወጣ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ 3.0 ሲወጣ ስምንተኛ ክፍል ሆኖ ለሚኒስትሪ እየተዘጋጀ ነበር። እኔ በነዚህ ዓመታት በ2.10 ስንት ሺህ ጉርድ ፎቶ እንደሠራሁ አላውቅም፣ አንድም ደንበኛ ግን “ይሄ በስንት ቨርዥን ነው የተሠራው” ብሎኝ አያውቅም።

እኔም ግን ቅዱስ አይደለሁም፣ አዲስ ነገር ስሰማ እጄን ይበላኛል። እዚህ ኡቡንቱ ውስጥ የገባሁት በ2006 ዓ.ም. በ14.04 ነው፣ ከዛ በፊት እንደ ሁላችንም ፎቶሾፕ ከነክራኩ በፍላሽ እየተዋስኩ ነበር የምሠራው፣ ፎርማት በተደረገ ቁጥር ክራኩን መፈለግ፣ አንቲቫይረሱን ማጥፋት፣ ደንበኛ ይዞት የመጣው ፍላሽ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆነው መገኘት፣ ያ ቫይረስ ያላጠቃው የህትመት ቤት ካለ እጁን ያውጣ። አንድ ቀን የአንድ ትምህርት ቤት የምርቃት መጽሔት ፎቶዎች በሙሉ ሾርትከት ሆነው አደሩና በቃኝ አልኩ። ወደ ሊኑክስ (ኡቡንቱ አንዱ ዓይነቱ ነው) የሄድኩት ስለ ነጻነት ምናምን አንብቤ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው።

እና መጫን ማለት ያን ጊዜ በጣም ገርሞኝ ነበር። አንድ መስመር ትጽፋለህ፣ ፓስዎርድ ይጠይቅሃል (ስትጽፍ ኮከብ እንኳን አይታይም፣ መጀመሪያ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር)፣ ከዛ ጊምፕ፣ ኢንክስኬፕ (ስቲከርና ሎጎ የሚሳልበት)፣ ስክራይበስ (የመጽሔት ገጽ የሚሰናዳበት) በቃ ተጭነው ታገኛቸዋለህ፣ ክራክ የለ፣ ሲሪያል ቁጥር የለ። መጫኑ ቀላል ስለሆነ ማደሱም እንደዛ ቀላል መሰለኝ። የከሰርኩት እዛ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርቴ የማር ስቲከር ነው። ጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ ማር የሚቆረጥበት ሰሞን፣ የዘወትር ደንበኛዬ የሆነ ማር ነጋዴ አራት መቶ ስቲከር አዘዘኝ፣ ዲዛይኑ ካምና የነበረ ነው፣ ፋይሉ አለኝ፣ ከፍቶ ማተም ብቻ ነው። ከዛ በፊት በነበረው ወር ኡቡንቱን ከ16.04 ወደ 18.04 አሳድጌው ነበርና ኢንክስኬፕም አብሮ ከ0.91 ወደ 0.92 ሄዷል፣ እኔ ልብ አላልኩትም። ፋይሉን ስከፍት አንድ መስኮት ብቅ አለና የሆነ ነገር ጠየቀኝ፣ ሳላነበው ጫን አድርጌ አለፍኩት። አተምኩ፣ ቆረጥኩ፣ ሰውዬው መጥቶ አንዱን እቃው ላይ ዙሪያውን ሲለጥፈው ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። አሥር ሴንቲ መሆን የነበረበት ዘጠኝ ነጥብ አራት ሆኗል። ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁ፣ እንደገና ለካሁ፣ ፕሪንተሩን ጠረጠርኩ፣ ወረቀቱን ጠረጠርኩ፣ የለካሁበትን ማስመሪያ ራሱ ጠረጠርኩ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ኢንክስኬፕ እስከ 0.91 ድረስ አንድ ኢንች 90 ፒክስል ነው ብሎ ነበር የሚቆጥረው፣ ከ0.92 ጀምሮ የዌብ ስታንዳርዱን ተከትሎ 96 አደረገው። 90ን ለ96 ብታካፍሉት 0.9375 ነው፣ አሥር ሴንቲዬ 9.375 የሆነችው በዚህ ነው። ያ ሳላነብ ያለፍኩት መስኮት ደግሞ እሱኑ ነበር የሚጠይቀኝ፣ ይሄ የድሮ ፋይል ነው፣ ስክሪን ላይ የሚታይ ነው ወይስ ወረቀት ላይ የሚታተም? እኔ የስክሪኑን ነው የጫንኩት። ጠይቆኛል፣ መልሻለሁ፣ በማን አሳብባለሁ። አራት መቶውን በራሴ ወረቀት ደግሜ አተምኩ፣ ሰውዬው አሁንም ደንበኛዬ ነው፣ ግን ስቲከር ሊወስድ ሲመጣ እቃውን ይዞ ነው የሚመጣው።

ይሄ ሁሉ አልፎ ተምሬያለሁ ስል ባለፈው ጥር ደገምኩት። ሱቁ ውስጥ ሁለት ማሽን አለን፣ ዋናው ዴስክቶፕ ነው፣ ከፕሪንተሩ ጋር የተያያዘው፣ እሱ ላይ ከአፕት የመጣው ጊምፕ 2.10 አለ። ረዳቴ የምትሠራበት ላፕቶፕ ላይ ግን ፍላትፓክ በሚባል ሌላ መንገድ (ኋላ እመጣበታለሁ) 3.0ን ጭኜ ነበር፣ ያው እጄን በልቶኝ። ልጅቷ ወደደችው፣ እውነትም የሚወደድ ነው፣ ዋናው አዲስ ነገሩ ምንድነው፣ ጥላ ወይም ብዥታ የመሰለ ኢፌክት ስትጨምር ከሌየሩ (ምስሉ ከሚደራረብበት ንጣፍ) ጋር አይዋሃድም፣ ለብቻው ተንጠልጥሎ ይቀመጣል፣ ነገ ተነስተህ ልትቀንሰው ልትጨምረው ልታጠፋው ትችላለህ። በ2.10 ጥላውን አንዴ ካደረግከው አደረግከው ነው፣ ደንበኛ “ጥላው በዛ” ሲልህ ወደ ኋላ ኮንትሮል ዜድ መቁጠር ነው።

እና ረዳቴ የአንድ ሠርግ መጥሪያ በ3.0 ሠራች፣ የሙሽሮቹ ስም ላይ ወርቃማ ጥላ ጣል አደረገችበት፣ ፋይሉን በፍላሽ አምጥታ ዴስክቶፑ ላይ ልታትም ስትከፍተው አልከፍትም አለ። የኤክስሲኤፍ ፋይሉ (የጊምፕ የራሱ የፋይል ዓይነት ነው) ቨርዥን አይታወቅም፣ ይሄው ነው መልሱ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ የሙሽራው ወንድም በር ላይ ቆሟል፣ ባጃጅ አስቁሞ፣ ባጃጁም ሂሳብ እየቆጠረ። እኔ መጀመሪያ ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ፍላሹን ነቅዬ በሸሚዜ ጠርጌ መልሼ ሰካሁት (ለምን እንደምንጠርገው አላውቅም፣ ሁላችንም እንጠርጋለን)። ኋላ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ያ ተንጠልጥሎ የሚቀመጠው ጥላ አሮጌው ጊምፕ የማያውቀው ነገር ስለሆነ ፋይሉ በአዲሱ ብቻ ነው የሚከፈተው። ላፕቶፑ ላይ ተመልሳ ኢፌክቱን ከሌየሩ ጋር አዋህዳ ፒኤንጂ አድርጋ አወጣችልኝ፣ እሱን አተምን። አንድ ሙሉ ሰዓት ፈጀብን። የሙሽራው ወንድም ስለ ቨርዥን ምንም አልሰማም፣ መብራት ነው አልኩት፣ ደሴ ውስጥ መብራት ነው ብለህ የማታልፈው ነገር የለም።

በማግስቱ ደግሞ የጉርድ ፎቶው ጉዳይ መጣ። የእህቴ ልጅ የዛሬ ሦስት ዓመት ለጊምፕ አንድ ስክሪፕት (ትዕዛዞችን በተርታ የሚፈጽም ትንሽ ፕሮግራም) ጽፎልኝ ነበር፣ አንድ ፎቶ ትሰጠዋለህ፣ ልኩን ቆርጦ ስምንት ቦታ በአንድ ወረቀት ይደረድርልሃል፣ የፓስፖርትና የመታወቂያ ሰሞን ሱቁን የሚያኖረው እሱ ነው። ላፕቶፑ ላይ 3.0 ውስጥ ሳስገባው አንባውንድ ቫሪያብል (ይሄን ስም አላውቀውም እንደማለት ነው) ብሎ በቀይ ጮኸብኝ። ልጁን ደወልኩለት፣ “አጎቴ፣ የድሮዎቹን ትዕዛዞች ስማቸውን ቀይረዋቸዋል፣ ምን ላድርግልህ” አለኝ። ለምሳሌ ድሮ አንድ ጊዜ የሚመረጠው ሌየር አንድ ብቻ ነበር፣ በ3.0 ብዙ ሌየር ባንዴ መምረጥ ስለሚቻል “የተመረጠውን ሌየር አምጣ” የምትለዋ ትዕዛዝ “የተመረጡትን” በምትል ተተክታለች። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉትም እንደዚሁ ናቸው፣ የድሮዎቹ ለፓይተን 2 ነው የተጻፉት፣ አዲሱ የሚሠራው በፓይተን 3 ነው። ማለት የምፈልገው፣ ጸሐፊው ወንድማችን የናፈቁት 3.0 ጥሩ ነው፣ ግን ድሮ የለመዱትን ነገር ሁሉ ይዞላቸው አይመጣም፣ ስክሪፕት ወይም ፕለጊን (ጊምፕ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ካላቸው እያንዳንዱን አንድ በአንድ ሞክረው ነው የሚገቡበት።

ከዛ በኋላ ሱቁ ውስጥ አንድ ሕግ አወጣሁ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ አፕዴት በሁዳዴ። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጾም መያዣ ምንም አይነካም፣ ጥር ላይ በተለይ የጊምፕ አዲስ ቨርዥን ሰማይ ቀዶ ቢመጣ ወይ ፍንክች። ዓቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፣ ሱቁም ፀጥ ይላል፣ ያኔ ባክአፕ እናደርጋለን፣ እናድሳለን፣ የድሮ ፋይሎችን ከፍተን እናያለን፣ የተበላሸ ካለ እስከ ፋሲካ ጊዜ አለን። ደሴ ላይ ስትሠራ ደግሞ የሁለቱንም ካላንደር ማወቅ ግድ ነው፣ ከረመዳን በፊትም የኒካህ ካርድ ይበዛል፣ ሁለቱ የሚገጣጠሙበት ዓመት ደግሞ አለ፣ ያኔ በቃ ፕሪንተሩም አይተኛም። ትልቁን እድሳት፣ ኡቡንቱን ራሱን ከኤልቲኤስ ወደ ኤልቲኤስ ማሳደጉን፣ ለክረምት ነው የምተወው፣ ይሄ ደግሞ ከራሱ ከኡቡንቱ አሠራር ጋር ይገጥማል፣ ምክንያቱም አዲሱ ሚያዝያ ላይ ቢወጣም አሮጌው ኤልቲኤስ ላይ ላለ ሰው አሻሽል የሚለው ጥያቄ የሚመጣለት የመጀመሪያው የተስተካከለው ቅጂ፣ ነጥብ አንድ የሚባለው፣ ሲወጣ ነው፣ ያም ነሐሴ አካባቢ ነው። ነሐሴ ፍልሰታ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ማን ያገባል።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ ልመለስ፣ አዲሱን ከፈለጉ ከጎተራው ውጪ ሦስት በር አለ። አንዱ ስናፕ ነው፣ ኡቡንቱ ውስጥ አብሮ የሚመጣ፣ ለመጫን ቀላል ነው ግን አንድ ጠባይ አለው፣ ሳይጠይቅህ ራሱን ያድሳል፣ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር አለ ወይ እያለ ይፈትሻል። የቢሮ ዋይፋይ ላለው ሰው ምንም አይደለም፣ እንደ እኔ ከስልክ በሆትስፖት ለሚጠቀም ግን የገዛኸው ፓኬጅ ምሳ ሳትበላ ያልቃል። ማቆሚያ አለው፣ ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ ብለህ ሁለት ሰረዝና ሆልድ ብትጨምርበት እስክትፈቅድለት ይቆማል፣ ይቺን ሰው ስለማያውቃት ነው ስናፕ የሚረገመው።

ሁለተኛው ፍላትፓክ ነው፣ ፍላትሃብ ከሚባለው ቦታ የሚወርድ፣ የጊምፕ ሰዎች ራሳቸው የሚያወጡት አለ። የመጀመሪያው ቀን ያስደነግጣል፣ ጊምፕን ብቻ ልታወርድ ገብተህ ራንታይም የሚባል ግዙፍ ነገር አብሮ ይጎትታል፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቶ ማደር ነው። ግን ያ አንዴ ከወረደ በኋላ ያንኑ ራንታይም የሚጠቀሙ ሌሎች ፕሮግራሞች ስለሚጋሩት ሁለተኛው ሦስተኛው ይቀላል። ደግሞ ከአፕቱ 2.10 ጋር ጎን ለጎን ይኖራል፣ አይጣሉም፣ ችግሩ ሜኑ ላይ ሁለት አንድ አይነት የጊምፕ ምስል ታያለህ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አታውቅም፣ እኛ ጋ ረዳቴ አንዱን “ጊምፕ ሽማግሌው” ብላ ስሙን ቀይራዋለች።

ሦስተኛው አፕኢሜጅ ነው፣ እኔ ክሪታ ለሚባለው የሥዕል ፕሮግራም የምጠቀመው እሱን ነው። አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ መጫን የሚባል ነገር የለውም፣ ፕሮፐርቲው ውስጥ ገብተህ እንደ ፕሮግራም እንዲሠራ ትፈቅድለታለህ ከዛ ደብል ክሊክ። በፍላሽ ለሰው ለመስጠት እንደሱ የሚመች የለም፣ የድሮውን ሳታጠፋ አዲሱን መሞከርም ትችላለህ፣ ካልወደድከው ፋይሉን መሰረዝ ነው። ግን ከ22.04 ወዲህ ብዙ ሰው የሚሰናከልባት አንዲት ነገር አለች፣ ደብል ክሊክ ታደርጋለህ፣ ምንም። ስህተት እንኳን አይልህም፣ ዝም። ብዙዎቹ አፕኢሜጆች የሚፈልጉት ሊብፊውዝ2 የሚባል ነገር ከኡቡንቱ ጋር አብሮ መምጣት ስላቆመ ነው፣ በአፕት መጫን ነው፣ 24.04 ላይ ስሙ መጨረሻው ላይ ቲ64 ተቀጥሎበታል። አንዱ አፕኢሜጅ ላይ ደግሞ የአማርኛ ኪቦርዴ አልሠራ ብሎኝ ያውቃል፣ ጽሑፉን ሌላ ቦታ ጽፌ ኮፒ ፔስት ነው ያደረግኩት፣ ለሁለት መስመር መጥሪያ ይበቃል ለመጽሔት ግን አይሆንም።

ፒፒኤ የሚባል (አፕት ፕሮግራም እንዲያወርድበት የሚጨመር የውጪ ምንጭ) አራተኛ በርም አለ፣ ለኢንክስኬፕ የራሳቸው የሰዎቹ አለ፣ እሱ ጥሩ ነው። ከዛ ውጪ ማንነቱን የማታውቀው ሰው የከፈተውን ፒፒኤ ዝም ብሎ ኮፒ አድርጎ ተርሚናል ውስጥ መለጠፍ ያው በማታውቀው ሰው እጅ የቤትህን ቁልፍ ማስቀመጥ ነው፣ ደግሞም ኡቡንቱን ስታሳድገው እነዚህን የውጪ ምንጮች ስለሚያጠፋቸው መልሰህ ማብራት አለብህ።

ስለ ኢንተርኔትና ስለ መብራት ካላወራሁ ደብዳቤዬ ሙሉ አይሆንም። እኛ አካባቢ የህትመት ሥራ የሚሠሩ ልጆች ሁሉም በየራሱ ያንኑ ፋይል ነው የሚያወርደው፣ ተጎራብተን ተቀምጠን። አያስፈልግም እኮ። በአፕት-ጌት ስትጭን የወረደው ዴብ ፋይል (የፕሮግራሙ መጫኛ) ሁሉ ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፣ እሱን በፍላሽ ወስደህ ሌላ ማሽን ላይ መጫን ነው። እዚህ ላይ አንዲት የምታናድድ ነገር አለች፣ አጠር ያለችው አፕት የምትለዋ ትዕዛዝ ጭና ስትጨርስ ፋይሎቹን ታጠፋቸዋለች፣ አፕት-ጌት ግን ያስቀምጣቸዋል፣ ይቺን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ባዶ ፎልደር ኮፒ አድርጌ ወስጃለሁ። ደግሞ ሁለቱም ማሽኖች አንድ አይነት ኡቡንቱ መሆን አለባቸው፣ የ24.04ቱን ወስደህ 22.04 ላይ ብትጭነው ይሄ ይጎድላል ያ ይጎድላል እያለ ቀኑን ሙሉ ያከራክርሃል።

መብራቱ ደግሞ እድሳት መሃል ላይ ከሄደ፣ እና ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ሞተ ብላችሁ ፎርማት ለማድረግ አትሩጡ። ቀጥሎ የሆነ ነገር ልትጭኑ ስትሉ ዲፒኬጂ (ዴብ ፋይሎችን የሚጭነው) ተቋርጧል ይላችኋል፣ ምን እንደምታደርጉም እዛው ይነግራችኋል፣ ሱዶ ዲፒኬጂ፣ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር፣ አንድ ሰረዝ ኤ። እሱን ስትጽፉ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ መጀመሪያ የገጠመኝ ቀን ያን መልእክት እንደ ስድብ ነበር ያየሁት፣ አንድ የሰፈር ልጅ ነው “አንብበው እስቲ፣ መድኃኒቱን አብሮ ጽፎልሃል” ያለኝ። እንዳያችሁት የኔ ችግር ሁልጊዜ አለማንበብ ነው።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ወንድማችን አዲሱን መፈለጋቸው ልክ ነው፣ ለኦፍሴት ማተሚያ ቤት ሥራ የሚልክ ሰው 2.10ን ብቻ ይዞ ይቸገራል፣ ጊምፕ የሚሠራው በአርጂቢ (በስክሪን ቀለም) ስለሆነ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ሲኤምዋይኬ (አራቱን የማተሚያ ቀለሞች) ስለሚፈልግ ነው። 3.0 ላይ ሲኤምዋይኬውን ስክሪን ላይ አስመስሎ ማየትና እንደዛ አድርጎ ማውጣት ተሻሽሏል። እኔ ግን እንደዚህ አይነት ሥራ ሲመጣ ጽሑፉንና ገጹን በስክራይበስ አሰናድቼ ፒዲኤፉን ከዛ ነው የማወጣው፣ ክሪታም ራሱ በሲኤምዋይኬ ይሠራል። ስክራይበስ 1.6 እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ወጥቷል፣ በእሱ ሴቭ ያደረጋችሁትን ግን 1.4 ያለው ሰው አይከፍተውም፣ ያው የሠርጉ መጥሪያ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ወንድማችን 2.10ዎን ባይሰርዙት፣ 3.0ን ጎን ለጎን በፍላትፓክ ቢጭኑት፣ ሁለቱን እያፈራረቁ ቢያዩት ነው የምላቸው። ደሴ ወይም አካባቢዋ ከሆኑ ደግሞ የሌሊት ፓኬጅ አያባክኑ፣ የ24.04 ዴብ ፋይሎች፣ የክሪታ አፕኢሜጅና ያቺ ሊብፊውዝ2 በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አሉኝ፣ ማንም ቢመጣ ኮፒ አደርግለታለሁ፣ ገንዘብ አልጠይቅም። ፍላሹ 16 ጊጋ ወይም ከዛ በላይ ይሁን፣ ባዶም ይሁን፣ እና ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ቢሆን ይመረጣል፣ ጠዋት ጠዋት የጉርድ ፎቶ ሰልፍ አለ።

አክባሪያችሁ፣
የህትመት ባለሙያ፣ ከደሴ